የደበቅኳት ጣሳ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመኪና ኤሲ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ነበር። «ሌባ ነው» ብዬ ስሙን አጥፍቻለሁ። በለቅሶ ቤት፣ በሰንበቴ፣ መነኻሪያ ከሾፌሮች ጋር ቆሜ፣ መኪና ያለው ዘመድ ባገኘሁበት ሁሉ ይህንኑ ተናግሬአለሁ። ልጁ ሌባ አልነበረም። ሥራውንም አላበላሸም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያም የሚብሰው፣ እውነቱን ካወቅኩ በኋላ ጥፋቴን ለሁለተኛ ጊዜ እሱ ላይ ማላከኬ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ እስከ ዛሬ ከእኔ አፍ የወጣው ይበቃዋል።

ማንኩሳ ተወልጄ አዲስ አበባ የምኖር ሰው ነኝ። ለበዓልና ለክረምት፣ ለቅሶም ሲኖር፣ በመኪና ወደ አገሬ እመላለሳለሁ። በወይና ደጋ አገር ለመኪና ኤሲ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ያገሬን ሰው ጭኖ ያልሄደ ነው እንዲህ የሚለው። የእኛ ሰው መኪና ውስጥ መስኮት አያስከፍትም፤ ንፋስ ይመታኛል፣ ብርድ ያስይዘኛል ይላል። ክረምት ላይ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ዝናቡ ሲወርድ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ የሰዉ ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ይጋርደዋል። ያን ጊዜ ኤሲ ለምቾት አይደለም፤ የውስጡን አየር አድርቆ መስታወቱን ይገልጣል፣ ሾፌሩን በአንድ እጁ ጨርቅ ይዞ እየወለወለ ከመንዳት ያድነዋል። በበጋ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው ከደጀን ተነስቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ የሚወርደው ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በሚያዝያ ቀትር ላይ ለጤነኛም ይከብዳል። እናቴ ደግሞ አስም አለባት።

መኪናዋ ከ30 ዓመት በላይ የሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ኮፋኖዋ ሥር ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት አሁንም «አር-12» ይላል። አር-12 የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዳ ጋዝ ስለሆነ፣ በመስከረም 1980 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ በተፈረመው ስምምነት ቀስ በቀስ እንዲቀር ተወስኖበታል፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ስምምነቱን ተቀብላለች። ስለዚህ እንደ እኔዋ ያሉ መኪኖች ወደ አር-134ኤ የተዛወሩ ናቸው። ማዛወር ማለት አንዱን ጋዝ አውጥቶ ሌላውን መሙላት ብቻ አይደለም። የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ ዘይቱ ይቀየራል፤ ድራየሩና ኦሪንጎቹም መቀየር አለባቸው። የእኔዋን ያዛወራት ሰው ኦሪንጎቹን ሁሉ አልቀየረም ነበር። ለምን ሌላ መኪና አትገዛም ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ግብር ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው እሷኑ እያስታመመ ይኖራል።

ኤሲው በየዓመቱ ይደክም ነበር፤ እኔም በየዓመቱ ጋዝ አስሞላለሁ። አሁን ሳስበው ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ኮንዴንሰሩ ላይ ሙቀቱን ለቅቆ ፈሳሽ ይሆናል። በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲተን የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ያው ጋዝ ነው የሚዞረው። በየዓመቱ ከጎደለ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ይህንን የነገሩኝ መካኒኮች ነበሩ፤ ፈትቶ መፈለግ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል ብዬ አልሰማኋቸውም።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት፣ ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ ጣሳ ገዛሁ። ጋዝም ቀዳዳ የሚደፍን ማጣበቂያም አንድ ላይ የያዘች ናት። ግቢዬ ውስጥ ሞተሩን አስነስቼ፣ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ባለው ቱቦ ራሴ ሞላሁት። ወዲያው ቀዘቀዘ። ደስ አለኝ፤ ጣሳዋን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት፤ ለማንም አልነገርኩም። ማንኩሳ ከደረስኩ በኋላ ግን ቅዝቃዜው እንደገና ደከመ። እናቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዤ መመለስ ስለነበረብኝ መኪናዋን ፍኖተ ሰላም ወሰድኳት።

ልጁ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነው። ጌጅ ከማውጣቱ በፊት ኮፋኖውን ከፍቶ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተ። ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሞተር አስነሳልኝ አለና ኤሲውን ሳበራ የኮምፕሬሰሩ ክላች ቀጭ ብሎ መያዙን አዳመጠ፤ ቬንትሌተሩ መዞሩን አየ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንዴንሰር በባትሪ እያበራ ጠራኝ። በክንፎቹ መሃል ገለባ፣ የጤፍ እብቅና የሞተ ትንኝ ተጠቅጥቋል። በውቂያ ሰሞን በገጠሩ መንገድ ስመላለስ የሰበሰብኩት ነው። ክንፎቹ እንዳይጣመሙ እየተጠነቀቀ በቀጭን ውሃ አጠበው። «ጋሼ፣ ይኼ ሙቀቱን ማውጣት ካልቻለ ጋዝ መሙላት ዋጋ የለውም» አለኝ። ስንት ዓመት ጋዝ ያስሞላሁባቸው ጋራዦች ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየልኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀኝ። «ከዚህ በፊት ጋዝ ብቻ ነው የተሞላባት? ቀዳዳ የሚደፍን ነገር፣ የጣሳ ነገር አልጨመሩባትም?»

«ኧረ ምንም አልጨመርኩም» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ አስቤበታለሁ። የነካካሁት የሰው ንብረት አይደለም፤ የገዛ መኪናዬ ነው። ግን ከከተማ የመጣሁ፣ የተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ የማስብ ስለሆንኩ፣ ያንን የሚያክል ልጅ «ሳያውቁ ነካክተው አበላሿት» እንዲለኝ አልፈለግኩም። ደግሞም ሥራው በዝቶ ሒሳብ ይጨምርብኛል ብዬ ሰግቻለሁ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

እሱ አመነኝ። ጌጁን አሰረ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሁለቱ መርፌዎች እኩል ቆሙ፤ ሲነሳ ዝቅተኛው ከሚገባው በታች ወረደ፣ ከፍተኛውም መውጣት ያለበትን ያህል አልወጣም። ጋዙ ጎድሏል። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ የሳሙና አረፋ ቀባቸው። ከኮምፕሬሰሩ በሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ነበረ፤ ጋዝ ሲያፈተልክ ዘይቱንም ይዞ ስለሚወጣ የሚያፈሰው ቦታ አንዱ ምልክቱ ይኸው ነው። አረፋው እዚያ ላይ ቀስ እያለ ተነፋ። በጣቱ አሳየኝ። የቀረውን ጋዝ አወጣ፤ ኦሪንጉንና ድራየሩን ቀየረ፤ ቫኪዩም ፓምፑን ሰካ።

ጌጁ 24 ኢንች ገደማ ላይ ሲቆም ተጠራጠርኩ። 30 መድረስ አለበት ሲባል የሆነ ቦታ ሰምቼ ነበርና ጠየቅኩት። ሳይቆጣ አስረዳኝ። ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አገር ነው፤ ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ ያነሰ ነው፤ እዚህ ቱቦው ጨርሶ ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌዋ ከ24 እምብዛም አታልፍም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኋላ አጣርቻለሁ። ፓምፑን ዘግቶ መርፌዋ ትመለስ እንደሆነ እያየ ጠበቀ። አልተመለሰችም። ጋዙን በሚዛን ሞላ፤ ወረቀቱ ላይ ለአር-12 የተጻፈውን ያህል ሳይሆን ቀነስ አድርጎ፣ ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህሉን። ከክሩስኮቶው የሚወጣው አየር እጅ ያደነዝዝ ጀመር። የጠየቀኝን ከፍዬው ሄድኩ። ሒሳቡ ለሥራው ትንሽ ነበር።

እሱ የማያውቀው፣ እኔ የማውቀው ነገር ግን ቱቦው ውስጥ ቀርቷል። እኔ የጨመርኩት ዓይነት ማጣበቂያ የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውም በቀዳዳው በኩል ከውጭ አየር እርጥበት ጋር ስለሚገናኝ ነው። ቱቦው ለጥገና ሲከፈትና ከዘይቱ ጋር የተቀላቀለው ማጣበቂያ እርጥበት ሲነካው ግን መርጋት ይጀምራል፤ እየዞረም ከሁሉም ጠባብ የሆነችውን ቦታ ይይዛል። ያቺም ቦታ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ነው። እውነቱን ብነግረው ኖሮ ቱቦዎቹን አጥቦ ቫልቩን ቀይሮ ነበር የሚገጥመው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ እስከ ደጀን ድረስ ደህና ነበር። ቁልቁለቱን ከጀመርን በኋላ አየሩ ለብ አለ፤ የዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ ትኩስ ሆነ። መስኮት ከፈትን። ሽቅብ እያቃሰቱ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ጭስ ከአቧራው ጋር ገባ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጣ። የምትስበውን መድኃኒት ደጋግማ ሳበች፤ አልቀለላትም። ዳር ይዤ ልቁም ብል ጥላ የለም፤ ልንዳ ብል ገና ሽቅቡ አለ። እንደምንም ጎሃ ጽዮን ወጥተን ቀዝቃዛ አየር ስታገኝ ነፍሷ ተመለሰ።

እዚያው ቆሜ ስልክ ደወልኩለት። እናቴ እየሰማችኝ «አንተ ሌባ፣ እናቴን ልትገድልብኝ ነበር! ጋዝ ሳትሞላ ነው ገንዘቤን የበላኸው» አልኩት። «ጋሼ፣ እባክዎ መኪናዋን ይመልሱልኝ፤ ያለ ክፍያ ፈትቼ አያታለሁ። የሆነ ነገር አለ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። እናቴ «ልጁን ለምን ሰደብከው?» ስትለኝ «ዝም በይ፣ አታውቂያቸውም» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ለእናቴ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

እስከዚያ ድረስ ጣሳዋ ለዚህ ምክንያት ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም፤ የዋሸሁትን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። አንባቢ ለዚህኛው ክፍል ምሕረት ያደርግልኝ ይሆናል። የሚከተለውን ግን ማንም እንዲያቀልልኝ አልፈልግም።

አዲስ አበባ አንድ ጎልማሳ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጌጁን ሲያስር ዝቅተኛው መርፌ ከዜሮ በታች ወረደ። «መንገዱ ተዘግቷል» አለና ክሩስኮቶውን ፈታ። ኤክስፓንሽን ቫልቩን አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገልኝ። መተላለፊያው ላይ ቢጫማ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ረግቶበታል። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ይኼ የጣሳ ማጣበቂያ ነው። ማነው የጨመረባት?»

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ግቢዬ፣ ጣሳዋ፣ የልጁ ጥያቄ ባንድ ጊዜ መጡብኝ። አፌን ከፍቼ «ፍኖተ ሰላም የሠራት ልጅ ነው የሚሆነው» አልኩ።

አጠገባችን የቡሬ በርበሬ ጭኖ የመጣ ሾፌር ቆሞ ነበር። ሰማኝ። «እሱ ልጅ ነው እንዴ? እኛም እኮ እናሠራው ነበር» አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ያቺ ቃል ከእኔ ቀድማ ጎጃም ገባች። በሚቀጥለው ጊዜ ማንኩሳ ስሄድ ሰው ሁሉ እኔኑ መልሶ ይነግረኝ ነበር፦ «ያ ልጅ መኪና ውስጥ ሙጫ ይከታል አሉ»። እኔም አዎን፣ እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል እያልኩ አጸናሁት። ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ባለቤት ደንበኛ ሸሸኝ ብሎ ከኤሲ ሥራ አወጣው፤ ጎማ ሲያወርድና መኪና ሲያጥብ ያየው ሰው ነገረኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምግብ አልበላሁም። ግን አልተናገርኩም።

ሰዉ ለምን ቶሎ አመነኝ? እኔ ብርቱ ምስክር ስለነበርኩ አይደለም፤ የተከሰሰው በእጁ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በጥርጣሬ ማየት አገራችን ውስጥ የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጁት ነገሩ ከብዶ ስለታያቸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም የኮሌጅ ወረቀት ያለው ሰውና እጁ ዘይት የነካ ሰው ሲጣሉ ወረቀት ያለው ነው የሚታመነው። ማንኩሳ ነው አገሬ ስል፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር የማያነሳልኝ ሰው የለም፤ የባለታሪኩ የበዛብህ አገር አይደል። እኔም በዚያው መጽሐፍ ያለውን የጉዱ ካሣን ነገር እያነሳሁ፣ ሰው በዘሩና በሥራው መናቁ እንዴት ያለ ግፍ እንደሆነ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ያንን እያወራሁ ነው ይህንን የሠራሁት። ለልጁ መዋሸት የቀለለኝ ስለናቅኩት ነው። እንደኔ ያለ ከተሜ ሐኪም ቢሆን የሚጠይቀኝ፣ የወሰድኩትን መድኃኒት ሁሉ ዘርዝሬ እነግረው ነበር።

በመጨረሻ ያናገረችኝ እናቴ ናት። የሚቀጥለው ሑዳዴ ሲገባ፣ የዓባይን ነገር አንስታ «ያ ልጅ ይቅርታ ሳይልህ ቀረ?» አለችኝ። የሷ ጭንቀት እኔ ቂም ይዤ እንዳልቆርብ ነበር። ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ለአባ ንገራቸው» ብቻ አለች።

የንስሐ አባቴ ማንኩሳ ናቸው። ጾምና ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ያንንም ሰጡኝ፤ ቀጥለው ግን «የሰው ገንዘብ የወሰደ ገንዘቡን ይመልሳል። አንተ የወሰድከው ስሙን ነው፤ በወሰድክበት አደባባይ መልስ» አሉኝ። ሽማግሌ ላክሁ። ልጁ እሺ ብሎ መጣ። በሽማግሌዎቹ ፊት ጣሳዋን ከገዛሁባት ቀን ጀምሮ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ይቆጣል ብዬ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን ስለ ጣሳዋ ነው። ምን ዓይነት እንደነበረች፣ ስንት ቀን ቀድሜ እንደጨመርኳት፣ ቫልቩ ላይ የተገኘው ነገር ቀለሙ ምን እንደሚመስል ጠየቀ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «የት ጋ እንደተሳሳትኩ ሳስብ ነው የከረምኩ። ድራየሩ ይሆን፣ ቫኪዩሙን ቶሎ አንስቼ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለ። እኔ በድዬው ስተኛ እሱ የእኔን ጥፋት የራሱ ሥራ ውስጥ ሲፈልግ ከርሟል። ሽማግሌዎቹ ካሳ ፈረዱ፤ ከፈልኩ፤ ተቀበለኝ። ይቅር ማለቱን በእግዜር ስም ተናገረ። «ግን ጋሼ፣ እኔማ ድሮም ሌባ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ለሰሙት ይንገሩልኝ» አለኝ።

ፍኖተ ሰላም መነኻሪያ ሄጄ ተናግሬአለሁ። የጋራዡንም ባለቤት አግኝቼ ነግሬዋለሁ። በሰንበቴያችን ቆሜ ተናግሬአለሁ። አዲስ አበባ ያለውን መካኒክም አልተውኩትም። ሐሰቱን የሰማው ሰው ግን እውነቱን ከሰማው ይበዛል፤ ያ የበርበሬ ሾፌር በየት በየት እንዳወራው ተከትዬ መድረስ አልቻልኩም። ይህንን መጻፌም ለዚሁ ነው።

ከደምበጫ እስከ እንጅባራ የምትነዱ ሁሉ፣ «መኪና ውስጥ ሙጫ ይከታል» የተባለውን ሰምታችሁ ለሌላ ያወራችሁ ካላችሁ፣ ለነዚያው ሰዎች ሙጫውን የከተተው ባለመኪናው ነው ብላችሁ ንገሩልኝ። ልጁ ዛሬ ቡሬ ነው፤ በገዛ ዕቃው ኤሲ ይሠራል። መኪናችሁን ስትወስዱለት፣ የጨመራችሁባት ነገር ካለ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ንገሩት።